ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር

ለአውሮፕላን ብዬ፣ ኮምቦልቻ ገዝቼ፣
ባለ ተረከዙን፣ ጥቁሩን ተጫምቼ፣
«ሰው ያየኛል» ብዬ፣ ጣቴን አጣጥፌ፣
መጣሁ ደመናውን፣ ባሕሩን አልፌ።
ዱባይ ስደርስ እግሬ፣ እንደ ቡኮ ኩፍ ብሎ፣
ጫማው አልወልቅ አለኝ፣ ሥጋዬ ላይ በቅሎ።

ሉባባ፣ ልጄ፣ በስልክ ስድስት ዓመት ሙሉ፦
«አትሳቀቂ እናቴ፣ ቢሮ ነው የምሠራ፣
ወንበሬ ይዞራል፣ ከፈረንጆች ጋራ።»
እኔም በገበያው፣ ባቲ ላይ ሳወራ፣
ሹመት ጨመርሁበት፣ ወሬው እንዲያፈራ።

ጎህ ሳይቀድ ወጣች፣ ቀጭን ጫማ አድርጋ፣
አንድ ጥቁር ከረጢት፣ በብብቷ ሸሽጋ።
«ከቤት እንዳትወጪ፣ ይጥልሻል ሙቀቱ»
አለችኝ። ምን ዋጋ፣ እግሬ ነው እሳቱ።

የመታጠቢያ ቤቱን፣ ሸበጥ አጠለቅሁና፣
ወጣሁ ብቻዬን፣ ወደ ደይራ ጎዳና።
መስታወት ቤት ገባሁ፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣
ጫማው እንደ ሙሽራ፣ መብራት ሥር ተቀምጧል፣
ዋጋውን ብሰማ
«በዚህስ ባቲ ላይ፣ ግመል ይሸመታል!»
ብዬ ወጣሁ፤ ማንም አልገባው።
ሌላ ቤት ባለ አበባ ሞከርሁ፤
አበባው እጄ ላይ ቀረ።

ናይፍ ጀርባ እግር ጣለኝ፣ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ጥላ፣
ባለሱቁ ረፊቁል፣ ጢሙን ሂና ያቀላ፣
ቤንጋሊ ሽማግሌ፣
ዓረብኛው እንደኔው ሰንካላ።
«ማማ» አለኝና፣ በርጩማ ስቦልኝ፣
ካርቶን ላይ በእርሳስ፣ እግሬን ነደፈልኝ።
አየው፤ አዞረው፤
«ግራሽ ከቀኝሽ ይበልጣል» አለኝ።
ሃምሳ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር
ማንም አልነገረኝ።

ከመደርደሪያው ሥር፣ ጥቁር ጫማ አወጣ፣
ጌጥ የማያውቅ ወፍራም፣ መልኩ ቅጥ ያጣ፤
ስቆምበት ግን እሳቱ፣ ከእግሬ ነቅሎ ወጣ።
«ሠላሳ ዘጠኝ ነው» አለ፣ «በሞል፣ በሆስፒታል፣ ወለል የሚጠርጉ፣
አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቆመው የሚያነጉ፣
ያገርሽ ልጆች ናቸው፣ ይህን የሚፈልጉ።»
ቋንቋው ሲያጥረው ጊዜ፣ ባዶ እጁን ጨብጦ፣
መወልወያ አስመሰለ፣ ወዲያ ወዲህ ረግጦ።

ሳቅሁ።
«የኔ ልጅ ግን ቢሮ ናት» አልሁት።
ማን ጠየቀኝ?

አርባ አምስት ድርሃም ከፈልሁ፤ ማሰሪያ መረቀልኝ።
ጎዳናው ሲመለስ ከመሄጃው አጠረልኝ።

መሽቶ መጣች። ጫማዬ በሩ ሥር ነበረ።
ቀጭኗን ልታወልቅ፣ አንገቷን ስትሰብር
አየችው፤ እጇ እንደተንጠለጠለ ቀረ።
ብዙ ቆየች።
ከዚያ የጥቁሩን ከረጢት፣ ቋጠሮውን ፈታች፣
ቀስ ብላ ከጎኑ፣ የራሷን አኖረች።
ያው ጥቁር፣ ያው ቁጥር፣ ያው ወፍራም ግንባር፤
የሷ ግን ተረከዙ፣ ባንድ ወገን አልቆ፣
የግራው አፍንጫ፣ በአውራ ጣት ተገፍቶ ለቆ።

«እግረ እርጥብ» ብለዋት ነበር፣ በተወለደች ለት ዘንቦ፤
ያው እግር ከካልሲው ወጣ፣
ተረከዙ ነቅቶ፣ ጣቱ ተደራርቦ።

ስለ ቢሮው አልጠየቅሁ። እሷም አልነገረች።
«ሶሉ ጥሩ ነው» አልኋት።
«ስድስት ወር ነው ዕድሜው» አለች።

እግሯን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በስንዝሬ ለካሁ፦
«ግራሽ ከቀኝሽ ይበልጣል።»
«ማን ነገረሽ?»
«ከኔ ነው የወረስሽው፤ እኔም ዛሬ ነው ያወቅሁ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣
ሳቅ ይሁን ሌላ፣ ጆሮዬ አልመረጠ።

ኋላ፣ ሙቀቱ ጋብ ሲል፣ ጎንበስ አልንና
የግራውን ማሰሪያ፣ እኩል አላላን፣ ለቀቅን፤
በደረጃው ኮሽ ሳንል፣
ጀልባዎቹ ወደሚሻገሩበት ወደ ውሃው ዘለቅን።